አዳራሹን በለሆሳስ የሞላ ድምፅ

ኦፔራና ኦፔሬታ የአንድ ቤት ልጆች ቢሆኑም እኩል ተከብረው አያውቁም። በኦፔራ ታሪኩ ከሞላ ጎደል ከጫፍ እስከ ጫፍ በዜማ ይነገራል። በኦፔሬታ ግን ተዋናዮቹ እንደማንኛውም ቴአትር በንግግር ይጀምራሉ፤ ንግግር ስሜታቸውን መሸከም ሲያቅተው ወደ ዜማ፣ ከዜማም ወደ ዳንስ ይሻገራሉ። ይህ ጥበብ በ1850ዎቹ (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ፓሪስ ውስጥ በዣክ ኦፈንባክ እጅ ቅርጽ ያዘ፤ ቪየና ተቀብላ ከራሷ የቫልስ ዳንስ ጋር አዋሐደችው፤ በ1905 የፍራንዝ ሌሃር «ደስተኛዋ መበለት» እዚያው ቪየና መድረክ ከወጣች በኋላ ደግሞ ዓለምን አዳረሰ። ዝናው ግን ክብር አላስገኘለትም። በተለይ ለቴነር፣ ማለትም ከወንዶች ድምፅ ከፍ ባለው ለሚያዜመው ዘፋኝ፣ ወደ ኦፔሬታ መሄድ እንደ ውድቀት ይቆጠር ነበር። ወይ ለኦፔራ ጉልበት ያጣ፣ ወይ ገንዘብ ያማለለው ነው ይባልለታል። ይህ ፍርድ ትክክል አይመስለኝም። ኦፔሬታ ከቴነሩ የሚጠይቀው ሙያ ያው የኦፔራው ሙያ ነው፤ ልዩነቱ ጉልበቱን ሸሽጎ ማሳየት ያለበት መሆኑ ነው፤ መሸሸጉ ደግሞ ከማሳየቱ ይከብዳል። ለዚህ የምጠራው ምስክር ኦስትሪያዊው ሪቻርድ ታውበር ነው።

ታውበር ሜይ 16 ቀን 1891 በሊንዝ ከተማ ተወለደ። እናቱም አባቱም የመድረክ ሰዎች ስለነበሩ ከልጅነቱ ጀምሮ የመጋረጃን ጀርባ ያውቀዋል። በጉርምስናው ልቡ የተሰቀለው ግን በዋግነር ኦፔራዎች ላይ ነበር። የዋግነር ቴነር ትልቅ ኦርኬስትራን አልፎ የሚሰማ፣ ለሰዓታት የማይደክም ድምፅ ይፈልጋል። ወጣቱም ድምፁን ለማስፈተን ሲቀርብ ይዞ የሄደው ያንኑ የዋግነርን ሙዚቃ ነበር፤ የሰሙት ባለሙያዎች ተስፋ አልሰጡትም። ነገሩን የለወጠው በፍራይቡርግ ያገኘው መምህሩ ካርል ባይነስ ነው። ባይነስ ዋግነርን አስተወው፤ ድምፁን መግፋት አቁሞ ዝግ ብሎ እንዲያዜም አደረገው፤ ሞዛርትንም በእጁ ሰጠው። ታውበር በኋላ ያገኘው ነገር ሁሉ፣ የኦፔሬታ ዝናውን ጨምሮ፣ ከዚህ ትምህርት የተቀዳ ነው። ስለዚህ ዝግ ብሎ ማዜም ምን ማለት እንደሆነ ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

ሰው ጮክ ብሎ ሲያዜም ከሳንባ የሚመጣው ትንፋሽ በኃይል ይገፋል፤ ጉሮሮ ውስጥ ያሉት የድምፅ አውታሮችም ሙሉ ለሙሉ እየገጠሙ ይመልሱታል። ግፊቱና መልሱ ስለሚመጣጠኑ ድምፁ ቀጥ ብሎ ይቆማል። በለሆሳስ ሲያዜም ግን አውታሮቹ የሚነካኩት በስሱ ነው። ትንፋሹ ትንሽ ከበዛ ድምፁ ይሰነጠቃል ወይም አየር አየር ይላል፤ ትንሽ ካነሰ ደግሞ ከቃናው ይወርዳል ወይም ይጠፋል። ያልተማረ ዘፋኝ ድምፁን ሲቀንስ ትንፋሹንም አብሮ ያላላዋል፤ የተማረው ግን ሆድና ጎኑን እንደወጠረ፣ ለጩኸት የሚያስፈልገውን ያህል ትንፋሽ ጠብቆ፣ በቀጭኑ ብቻ ይለቀዋል። ጣሊያኖች ይህን «ሜዛ ቮቸ» ይሉታል፤ ግማሽ ድምፅ ማለት ነው። ስሙ ግማሽ ይሁን እንጂ ሥራው ሙሉ ነው። በዚያ ላይ በታውበር ዘመን በቴአትር ቤት የድምፅ ማጉያ አልነበረም። ለሆሳሱ ከመድረክ ተነሥቶ፣ ከፊቱ ያለውን ኦርኬስትራ ተሻግሮ፣ የመጨረሻው ሰገነት ላይ ርካሽ ቲኬት ገዝቶ ለተቀመጠው ሰው መድረስ ነበረበት። ይህን ማድረግ የሚችል ቴነር በየትኛውም ዘመን ጥቂት ነው።

ሞዛርት የዚህ ሙያ መፈተኛ ነው፤ ታውበርም የጀመረው በእሱ ነው። ማርች 2 ቀን 1913 በኬምኒትዝ ከተማ በሞዛርት «አስማታዊው ዋሽንት» ታሚኖን ሆኖ ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ወጣ። የቴአትሩ ዳይሬክተር የገዛ አባቱ ስለነበር በሩን የከፈተለት ዝምድና ነው የሚል ቢኖር ስህተት የለበትም። ነገር ግን በዚያው ዓመት የድሬስደን የንጉሥ ኦፔራ በአምስት ዓመት ውል ወሰደው፤ እዚያ አባት አልነበረውም። በድሬስደን አዲስ ሚና በአጭር ጊዜ አጥንቶ ለታመመ ዘፋኝ ፈጥኖ በመድረስ ስለታወቀ «የድረሱልኝ ቴነር» የሚል ቅጽል ወጣለት። የዚህ ማሳያው በ1926 ነው። የፑቺኒ የመጨረሻ ኦፔራ «ቱራንዶት» በጀርመን ለመጀመሪያ ጊዜ ድሬስደን ላይ ሊቀርብ ቀናት ሲቀሩት ዋናው ቴነር ታመመ። ከጥቂት ወራት በፊት ሚላን ላይ የተወለደውን፣ ጆሮ ያልለመደውን ያን ሙዚቃ ታውበር በቀናት ውስጥ በቃሉ ይዞ ጁላይ 4 አቀረበው። ይህን ያደረገው ሰው በዚያው ዓመት ጃንዋሪ በርሊን ውስጥ የኦፔሬታ ኮከብ ሆኖ ነበር። ኦፔራ አቅቶት ወደ ኦፔሬታ ወረደ የሚለው ወሬ ከቀን መቁጠሪያው ጋር አይስማማም።

የጃንዋሪው ሥራ የሌሃር «ፓጋኒኒ» ነው። ኦፔሬታው አስቀድሞ በ1925 መገባደጃ ቪየና ላይ በሌላ ቴነር ቀርቦ ያን ያህል አልተወደደም ነበር፤ በርሊን ላይ ታውበር ሲይዘው ግን ሕዝብ ጎረፈ። ዜማው ያው፣ ታሪኩም ያው ነበር። ከዚያ ወዲህ ሌሃር የሚጽፈው የታውበርን ድምፅ እያሰበ ሆነ፤ «ዛሬቪች» በ1927፣ «ፍሪደሪከ» በ1928፣ «የፈገግታ ምድር» በ1929 ተከታተሉ። በእያንዳንዱም ውስጥ፣ ብዙውን ጊዜ በሁለተኛው ክፍል፣ ለቴነሩ አንድ ትልቅ ዜማ ይቀመጥ ጀመር፤ ሰዉ «የታውበር ዘፈን» እያለ ይጠራው ነበር። በጣም የታወቀው «የፈገግታ ምድር» ውስጥ ያለው ነው። ቻይናዊው ልዑል ሱ-ቾንግ ቪየና ላይ ያፈቀራትን ሊዛን አግብቶ አገሩ ይወስዳታል። እዚያ ግን ባህሉ አራት ሚስቶች እንዲያገባ ያስገድደዋል፤ ልቡ ከእሷ በቀር ለማንም እንዳልሆነ የሚነግራት በዚያ ዘፈን ነው። ዜማው ደጅ ደጁን አይዞርም፤ በቀጥታ በአዝማቹ ይገባል። ዘፋኙ ዳገቱን ቀስ በቀስ ሳይለማመድ ገና በመነሻው ሙሉ ስሜት ላይ መገኘት አለበት፤ ከዚያም መሐል ላይ ረገብ ብሎ ወደዚያው አዝማች ይመለሳል። ተራ ዘፋኝ ሲመለስ ከመጀመሪያው ይበልጥ ይጮኻል። ታውበር ግን አንዳንዴ በተቃራኒው ይሄድ ነበር፤ ያንኑ ኃይለኛ ቃል በለሆሳስ መልሶ፣ ዜማውን ለሚስቱ ጆሮ ብቻ እንደተባለ ምስጢር ያደርገዋል። አዳራሹ ይደገምልን ብሎ ሲጮኽ ይደግማል፤ አንዴም ሁለቴም አይደለም፤ ሲደግም ግን ቅላጼውን ይለውጣል። አንዱን ዜማ በአንድ ምሽት በተለያየ መልክ ማሳየት የሚችል ሰው ዜማውን ከውስጡ ያውቀዋል።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሣል፤ ተገቢም ነው። መድገሙ ታሪኩን አቁሞ ተመልካቹን ልዑሉን ሳይሆን ታውበርን እንዲያይ ያደርጋል። አዎ፣ ያደርጋል፤ ይህ ከኦፔሬታ ድክመቶች አንዱ መሆኑን አልክድም። ቢሆንም በጣሊያን ኦፔራ ቤቶችም አሪያ፣ ማለትም አንድ ዘፋኝ ለብቻው የሚያዜመውን ዜማ፣ ማስደገም የቆየ ልማድ ነበር፤ ጥፋት ከሆነ የሁለቱም ነው። ሁለተኛውና የከበደው ተቃውሞ ኦፔሬታ ራሱ ጥልቀት የለውም የሚለው ነው። የቪየናው ጸሐፊ ካርል ክራውስ ለኦፈንባክ የነበረውን አድናቆት ያህል ሌሃርን ይንቅ ነበር፤ ኦፈንባክ ባለሥልጣንን ይነቅፋል፣ ሌሃር ግን እንባ ይነግዳል ባይ ነው። ቻይናን እንደ ውብ ምንጣፍ ብቻ የሚያይ ኦፔሬታም ዛሬ ሲታይ አይጥምም፤ ስለ አገሩ የሚያውቀው ጥቂት ነው፤ ያንን ማስተባበል አልፈልግም። ክራውስ ያላየው የሚመስለኝ ግን የሌሃር የኋለኛ ሥራዎች አፍቃሪዎችን አጋብተው በዳንስ አለመፈጸማቸውን ነው። ሊዛ ወደ አገሯ ትመለሳለች፤ ልዑሉ ሐዘኑን በፈገግታ ሸፍኖ ይቀራል። ይህን መጨረሻ በጩኸት መወጣት አይቻልም። ፊቱ እየሳቀ ድምፁ የሚያለቅስ ሰው መድረክ ላይ ለመፍጠር ትንፋሹን በክር የሚቆጣጠር ቴነር ያስፈልጋል። ባይነስ ያስተማረው ግማሽ ድምፅ እዚህ ላይ የትወና መሣሪያ ይሆናል።

ለገንዘብ ነው ለሚሉትም ቢሆን መልስ አለ። ታውበር ብዙ ገንዘብ ያገኝ ነበር፤ እንዳገኘውም ያጠፋው ነበር። ገንዘብ ብቻ የሚመራው ሰው ግን በ1927፣ በኦፔሬታ ዝናው ጫፍ ላይ ሳለ፣ ከሹበርት «የክረምት ጉዞ» አሥራ ሁለት ዘፈኖችን ከአንድ ፒያኖ ጋር ብቻ አይቀርጽም። ያ ሙዚቃ ጨለማና ብቸኛ ነው፤ አዳራሽ አያስጨፍርም። ታውበር በዕድሜው ከ700 በላይ ዘፈኖችን በሸክላ አስቀርጿል፤ ሞዛርት፣ ሹበርት፣ ሌሃርና የሕዝብ ዘፈን በአንድ ዝርዝር ውስጥ ጎን ለጎን ይገኛሉ። ሲሰሙ ደግሞ የአንድ ሰው አያያዝ አላቸው፤ ለሌሃር የተለየ ርካሽ ድምፅ፣ ለሞዛርት የተለየ የክት ድምፅ አልነበረውም። ከፍ ያሉት ኖታዎቹ እንደ አንዳንድ የጣሊያን ቴነሮች የሚያበሩ አልነበሩም፤ አንዳንዴ አፍንጫ አፍንጫ ይላሉ፤ የሚወዳትን ኖታም ከሚገባው በላይ የሚያቆይበት ጊዜ አለ። እነዚህ እውነተኛ እንከኖች ናቸው፤ ሞዛርትን ሲያዜምም አብረውት ስለነበሩ ግን ጥፋቱን የኦፔሬታ ማድረግ አይቻልም።

ስለ ሰውነቱም አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል፤ የኦፔሬታ ቴነር ቆሞ ብቻ አያዜምምና። መልከ መልካም አፍቃሪ ሆኖ መግባት፣ መናገር፣ ቫልስ መደነስ አለበት፤ ሥራው ከተወደደ ደግሞ ለወራት በየምሽቱ ማለት ይቻላል ይመላለሳል፤ የኦፔራ ዘፋኝ ግን ከከባድ ሚና በኋላ ድምፁን ያሳርፋል። ታውበር ወፈር ያለ ሰው ነበር፤ አንድ ዓይኑ ሸውራራ ስለነበር በአንድ ዓይን መነጽር ይሸፍነው ነበር፤ መነጽሩም ቀስ በቀስ መለያው ሆነ። በ1929 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ከባድ የመገጣጠሚያ ሕመም አልጋ ላይ ጥሎት እጅና እግሩን ማዘዝ አቃተው፤ በስሎቫኪያ ፒዬሽታኒ በሚባለው ፍል ውኃ ለወራት ታከመ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 10 በርሊን ሜትሮፖል ቴአትር ውስጥ ሱ-ቾንግን ሆኖ የወጣው ያ ሰው ነው። አረማመዱ ከዚያ ወዲያ ሙሉ በሙሉ አልተስተካከለለትም፤ ማነከሱን በልዑል ዝግታ መሸፈንን ተማረ።

ኦፔሬታ ከዓለም ጣጣ የሸሸ የሀብታሞች ጨዋታ ነው ለሚሉ ደግሞ ታሪክ ራሱ መልስ ሰጥቷል። የታውበር አባት በትውልዱ አይሁዳዊ ነበር፤ ናዚዎች ሥልጣን በያዙበት በ1933 ታውበር በርሊን መንገድ ላይ በናዚ ጋጠወጦች ተደበደበ፤ ጀርመንንም ለቅቆ ወጣ። በጃንዋሪ 1934 የሌሃር «ጁዲታ» በራሱ በቪየና መንግሥታዊ ኦፔራ ሲቀርብ ከያርሚላ ኖቮትና ጋር መሪ ሆኖ አዜመ፤ ኦፔሬታና ኦፔራ በአንድ መድረክ የተገናኙበት ምሽት ነበር። በ1938 ሂትለር ኦስትሪያን ሲጠቀልል ያም ቤት ተዘጋበት። ሱ-ቾንግ ስለ ልቡ የሚያዜመውን የዚያን ዘፈን ግጥም ከጻፉት አንዱ ፍሪትዝ ሎነር-ቤዳ በዚያው ዓመት ተይዞ በዳኻውና በቡኸንቫልድ ታሰረ፤ ከዚያም አውሽቪትስ ተወስዶ ዲሴምበር 4 ቀን 1942 ተገደለ። ያ ዘፈን በየሬዲዮው ሲሰማ የገጣሚው ስም እየተሰረዘ ነበር። ይህን ያወቀ ሰው ዘፈኑን እንደ ቀድሞው እንደ ጣፋጭ ብቻ መስማት የሚችል አይመስለኝም።

ታውበር እንግሊዝ አገር ተቀመጠ፤ በ1940 ዜግነቱንም አገኘ፤ በጦርነቱ ዓመታት ኮንሰርት አቀረበ፣ ኦርኬስትራ መራ፣ በ1943 «የድሮው ቼልሲ» የተባለ የራሱን ሙዚቃዊ ቴአትርም ደረሰ። ከጦርነቱ በኋላ ሲያስለው የቆየው ጉዳይ የሳንባ ካንሰር ሆኖ ተገኘ። በ1947 ሴፕቴምበር ላይ የቪየና መንግሥታዊ ኦፔራ ለእንግድነት ለንደን መጥቶ በኮቨንት ጋርደን ሲያቀርብ ቴነሩ አንቶን ደርሞታ ሚናውን ለአንድ ምሽት ለቀቀለት። ሴፕቴምበር 27 ታውበር በሞዛርት «ዶን ጆቫኒ» ዶን ኦታቪዮን ሆኖ ከድሮ ባልደረቦቹ ጋር ቆመ። ከቀናት በኋላ የግራ ሳንባው በቀዶ ጥገና ወጣ፤ ጃንዋሪ 8 ቀን 1948 አረፈ፤ መቃብሩ ለንደን ብሮምፕተን ነው። በዚያ ምሽት ያዜመው ሁለተኛው የኦታቪዮ አሪያ ቴነሮች ሁሉ የሚፈሩት ቦታ አለው፤ አንድ ቃና ረጅም ተይዞ ይቆይና ሳይተነፍሱ ወደ ረጅም የኖታ ሩጫ ይገባል። ጩኸት እዚያ አይረዳም፤ ትንፋሽን ቆጥቦ በቀጭኑ መልቀቅ ብቻ ነው የሚያሻግረው። ታውበር ያን ሙያ በፍራይቡርግ በወጣትነቱ ተምሮ፣ በርሊን ላይ በሌሃር ዜማዎች ለዓመታት በየምሽቱ ሲሠራበት ኖሮ፣ ያን ምሽት በታመመ ሳንባ ይዞት ወጣ።