ዓሦቹ ንጋት ላይ አየር ለምን ያጥራቸዋል?

ማታ ልጆችን አፍዝዞ የሚያስቀር አኳሪየም ጠዋት ሌላ መልክ ሊኖረው ይችላል። ዓሦቹ ሁሉ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ብዙዎቻችን የራባቸው ይመስለንና ምግብ እንጨምራለን። የጎደላቸው ግን አየር ነው፤ የተረፈው ምግብም ሲበሰብስ ያለችውን ኦክስጅን ይሻማቸዋል።

ቀን ሰጪ፣ ሌሊት ተቀባይ

የውኃ ውስጥ ተክሎች ብርሃን ሲያገኙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወስደው ኦክስጅን ይሰጣሉ። መብራቱ ሲጠፋ ግን እንደ ዓሦቹ ኦክስጅን ተጠቃሚ ብቻ ይሆናሉ። በአሸዋውና በፊልተሩ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎችም እንዲሁ። ስለዚህ ኦክስጅን ከሁሉም ጊዜ የሚያንሰው ሊነጋ ሲል ነው። «ተክል ካበዛሁ አየር አያጥራቸውም» የሚለው ሐሳብ ለቀን እንጂ ለሌሊት አይሠራም።

የአዲስ አበባ ከፍታ

በባሕር ጠለል ላይ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ የሞቀ ውኃ በሊትር 8 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ ግን አየሩ ስስ ስለሆነ ያው ውኃ የሚይዘው ከ6 ሚሊግራም ብዙም አይበልጥም። ዝቅ ላሉ ከተሞች በተጻፈ ምክር ላይ የሚያገኙትን የዓሣ ቁጥር ቀነስ ያድርጉት። ውኃ ሲሞቅ የሚይዘው ኦክስጅን ስለሚቀንስ፣ ቀዝቃዛ ውኃ ለሚስማማው ጎልድፊሽ ማሞቂያ አይጠቀሙ።

በሩ የውኃው ገጽ ነው

ሁለቱ ጋዞች አንዱ ሲበዛ ሌላው የግድ የሚያንስ አይደሉም፤ ውኃ ሁለቱንም በብዛት ሊይዝ ይችላል። ከአየር ጋር የሚለዋወጡት በውኃው ገጽ በኩል ነው። የአየር ፓምፕ አረፋም ትልቁ ጥቅሙ ገጹን ማንቀሳቀሱ ነው። ስለዚህ፦

- የፊልተሩን መውጫ ገጹ ቀስ ብሎ እንዲንቀሳቀስ አድርገው ያዙሩት።
- መብራቱን በቀን ከ6 እስከ 8 ሰዓት ብቻ ያብሩ፤ ሲያጠፉት የአየር ፓምፑን ይክፈቱ።
- የሞቱ ቅጠሎችን ያውጡ።
- ኤሌክትሪክ ከተቋረጠ ክዳኑን ይክፈቱ፣ ምግብ አይስጡ፣ በየጥቂት ደቂቃው ውኃውን በኩባያ እየቀዱ ከፍ አድርገው መልሰው ያፍስሱት።

ጋዝ ለሚጨምሩ

ለተክሎቹ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሲሊንደር የሚጨምሩ ሰዎች የተለመደ ልካቸው በሊትር እስከ 30 ሚሊግራም ነው። ከዚያ በጣም ካለፈ፣ ኦክስጅን ቢኖርም እንኳ ዓሣው የራሱን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለማስወጣት ይቸገራል። ጋዙ መብራቱ ከመብራቱ አንድ ሰዓት ያህል ቀድሞ ተከፍቶ፣ መብራቱ ሲጠፋ ይዘጋ። በስኳርና በእርሾ በጠርሙስ የሚዘጋጀው ሌሊትም ስለማይቆም ጀማሪ ባይሞክረው ይሻላል። አኑቢያስ፣ ጃቫ ፈርንና ቫሊስኔሪያን የመሳሰሉ ተክሎች ያለ ተጨማሪ ጋዝ ያድጋሉ።

ሥራውን ለልጆች ይስጡ

ለሦስት ቀናት ልጆች ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊትና ከሰዓት በኋላ ሲመለሱ ዓሦቹን አይተው ይመዝግቡ። ጠዋት አየር አጥሯቸው ከሰዓት ደህና ከሆኑ ችግሩ የሌሊቱ ኦክስጅን ነው፤ ፓምፑን ይጨምሩ ወይም ዓሦቹን ይቀንሱ። ጋዝ እየገባ ከሰዓት ላይ ከሆነ ጋዙን ይቀንሱ። ቀኑን ሙሉ ከሆነ ግን ውኃው ተበክሎ ሊሆን ስለሚችል፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ከፊሉን ክሎሪን በሌለው ውኃ ይቀይሩት።