በደባርቅ ፊደላት ስንት ቃል ይሠራል?

ከጎንደር ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ደባርቅ በአራት ፊደል ትጻፋለች፤ ደ፣ ባ፣ ር፣ ቅ። ፊደላቱን እያገላበጠ፣ ድምፃቸውንም ከግዕዝ እስከ ሳብዕ እየለዋወጠ ቃል ለሚፈልግ ሰው ስሟ ያልታሰበ ሀብት አለው። ብርድ ይወጣል፤ እዚያ ያደረ ሁሉ የሚያውቀው ነው። በረዶም ይወጣል። ቀበሮ ይወጣል፤ ዋና ጽሕፈት ቤቱ ደባርቅ ያለው የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የቀይ ቀበሮ መኖሪያ ነው። ብርቅ፣ ደብር፣ ዱር፣ ድርቅ፣ ቅርብ፣ ብድር፣ በር... ዝርዝሩ ይቀጥላል። ይህ የፊደል ግጥምጥሞሽ እንጂ የስሙ ትርጓሜ አይደለም፤ ቢሆንም ደስ ያሰኛል።

ደንቡ ጠበቅ ብሎ ድምፃቸው ሳይነካ ቦታቸው ብቻ ይለዋወጥ ቢባል ግን ከአራቱ ፊደላት የሚገኘው ቃል እጅግ ጥቂት ነው። በላቲን አጻጻፍ ተነባቢውና አናባቢው ለየብቻ ስለሚቀመጡ ፊደል ማገላበጥ ቀላል ነው። የእኛ ፊደል ሁለቱን በአንድ ቅርጽ ይይዛል። ባ ማለት በ እና አናባቢው አንድ ላይ ናቸው፤ አናባቢው ከተቆለፈ ቃሉም ይቆለፋል። ስለዚህ በአማርኛ ቃል በፊደል ለመፈለግ የሚነሣ ሰው መጀመሪያ የሚወስነው ፊደል የሚለው የትኛውን እንደሆነ ነው፤ 231ዱን ቅርጾች ወይስ 33ቱን ቤተሰቦች?

ለቋንቋው ጠባይ የሚስማማው ሁለተኛው ነው። አማርኛ እንደ ግዕዝና እንደ ሌሎቹ ሴማዊ ቋንቋዎች የፍቺውን እምብርት በተነባቢዎች ላይ ያሳርፋል፤ ቀረበ፣ ቅርብ፣ አቅራቢ፣ አቀራረብ፣ ተቃረበ ሁሉም ቀ-ረ-በን ይዘው ይጓዛሉ።

አሁን ፍለጋውን ለኮምፒውተር እንስጠው። አራት ተነባቢዎችን ሳይደግሙ ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስትና አራት አራት አድርጎ መደርደር 60 መንገድ አለው። እያንዳንዱ ፊደል በሰባት ድምፅ ሲነገር ዲቃላዎቹን ሳይጨምር 66,444 ጥምረት ይሆናል። ከዚህ ውስጥ አብዛኛው ምንም የማይባል ድምፅ ነው። እያንዳንዱን ፈጥሮ ቃል መሆን አለመሆኑን መጠየቅ ድካም ነው።

ብልሃቱ ፍለጋውን መገልበጥ ነው። ከመዝገበ ቃላቱ እያንዳንዱ ቃል ተወስዶ ፊደሎቹ ሁሉ ወደ ግዕዝ ይመለሳሉ፤ ቀጥሎ በሀ-ለ-ሐ-መ ተራ ይሰለፋሉ። ብርድ ረበደ ይሆናል። ብድርም፣ ደብርም፣ ድርብም፣ በረዶም ያው ረበደ ይሆናሉ። ይህ የቃሉ ቁልፍ ነው፤ አንድ ጊዜ ተሠርቶ ይቀመጣል። የደባርቅ ቁልፍ ረቀበደ፣ የቀበሮ ረቀበ ነው። ጠያቂው ፊደላቱን ሲሰጥ ማሽኑ ቁልፋቸው በዚያ ውስጥ የሚያድረውን ቃላት ብቻ ይለቅማል። የጎረቤቷ ከተማ የዳባት ቁልፍ በተደ ደግሞ ደብተር ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይገኛል።

የተደገመ ፊደል ቁልፉ ላይም መደገም አለበት። ከደባርቅ ወደ ሰሜን የሚወርደው መንገድ የሊማሊሞ ቁልፍ ለለመመ ነው፤ ለምለምም ያንኑ ቁልፍ ይይዛል። በፓርኩ ውስጥ ያለው ጨነቅም ከጭንቅ ጋር አንድ ቁልፍ ይጋራል።

ቃሉን ወደ ግዕዝ መመለስ ለማሽን የቀለለው በዩኒኮድ አሠራር ምክንያት ነው። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው በዩኒኮድ 3.0 ሲካተት ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ስምንት ተከታታይ ቁጥሮች ተመደቡለት። ሀ 4608 ነው፤ በ 4704፣ ብ 4709። ብን ለስምንት ብናካፍል 588 ደርሶ አምስት ይተርፋል፤ ድርሻው ቤተሰቡን፣ ቀሪው ድምፁን ይናገራል። ከዜሮ ስለሚቆጠር አምስት ማለት ሳድስ ነው። ቧ እዚያው በስምንተኛው ቦታ ተቀምጣለች፤ ቈ እና ቍ ግን የራሳቸው መስመር ስላላቸው ወደ ቀ የሚመልሳቸው ተጨማሪ ትእዛዝ ያስፈልጋል።

ከዚህ በላይ የሚያስቸግሩት ሞክሼ ፊደላት ናቸው። ፀሐይ የሚለውን ድምፁ ሳይለወጥ በ12 መንገድ መጻፍ ይቻላል፤ ፀ ወይም ጸ፣ ቀጥሎ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ። ዓለም ፀሐይ የምትባል ሴት ስም፣ አ፣ ኣ፣ ዐ እና ዓ ሲታከሉበት 48 አጻጻፍ ይኖረዋል። ይህ የጨዋታ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በዳባት ወረዳ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን የሚከታተል ጣቢያ አለው። እንዲህ ባለ ሥራ አንድ ሰው ከዓመት ዓመት ያው ሰው መሆኑ መረጋገጥ ስላለበት ስም ብቻውን አይበቃም፤ መለያ ቁጥር ይጨመርበታል። ክሊኒክ፣ ትምህርት ቤት፣ ፍርድ ቤት ስም በፈለጉ ቁጥር ይኸው ችግር ይጠብቃቸዋል።

መፍትሔው በቁልፉ ላይ ሞክሼዎቹን አንድ ማድረግ ነው። በቁልፉ ላይ ብቻ! ጽሑፉን ራሱን ማስተካከል ጥፋት ነው፤ በግዕዝ ሠረቀ ወጣ፣ ሰረቀ ደግሞ ሌብነት ነውና። ደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. በታተመው መዝገበ ቃላታቸው የሞክሼዎቹን ልዩነት በጥንቃቄ ጠብቀዋል፤ የኮምፒውተር ባለሙያም ያንን የመናድ መብት የለውም።

ቁልፍ የማይከፍተውም አለ። ወረደ ወራጅ ሲሆን ደ ወደ ጀ ይለወጣል፤ ከፈተ ከፋች ሲሆን ተ ወደ ቸ። ዘር ፈላጊ ፕሮግራም ይህን የድምፅ ለውጥ ካልተማረ ወራጅን ከወረደ ዘመዶች ውጭ ያስቀረዋል። የኢትዮጵያ ከፍተኛው ተራራም አንዳንድ ካርታ ላይ ራስ ደጀን፣ ሌላው ላይ ራስ ዳሸን ነው። ጀ እና ሸ ሞክሼ ስላልሆኑ ሁለቱ ስሞች በምንም ቁልፍ አይገናኙም፤ በአንዱ የሚፈልግ ሌላውንም እንዲያገኝ ስሙን የሚያውቅ ሰው ሁለቱን አጣምሮ መመዝገብ አለበት።