ባለ ብዙ ቁልፍ ማውስ ለነጋዴ ምን ይጠቅማል?

ለጨዋታ የተሠራው መሣሪያ በልዩ ልዩ ሥራ ሲመዘን

የፎገራ ነጋዴ ስለ ምዘና የሚያስተምረው ሰው አይፈልግም። አንድ ኩንታል ሩዝ ከመፈልፈያው ሲወጣ ምን ያህሉ ደኅና ፍሬ፥ ምን ያህሉ ስብርባሪ፥ ምን ያህሉም ገለባ እንደሚሆን አስቀድሞ ሳያሰላ ገንዘቡን የሚያወጣ የለም። ነገር ግን ይኸው ጠንቃቃ ነጋዴ ለጽሕፈት ቤቱ የኮምፒዩተር ዕቃ በሚገዛበት ጊዜ የሻጩን ቃልና የዕቃውን ማማር ብቻ ተመልክቶ ሲከፍል ብዙ ጊዜ ይታያል። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን በየኮምፒዩተር መደብሩ መስኮት ባለ ቀለም መብራቱ ዓይን ስለሚስበው፥ ሽቦና ብዙ ቁልፎች ስላሉት፥ «የጨዋታ ማውስ» ስለሚባለው ዕቃ እንመረምራለን። ጥያቄያችን አንድ ነው፤ ለጨዋታ ታስቦ የተሠራው ይህ መሣሪያ ለሥራ ሰው ገንዘቡን ያወጣልን?

ጥያቄው ለወረታ ትንሽ ጥያቄ አይደለም። ከተማይቱ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄደው መንገድ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ ከሚያቀናው መንገድ ጋር የሚገናኝባት ስፍራ ናት። የርብና የጉማራ ወንዞች በሚያጠጡት ሜዳ ላይ የተስፋፋው ሩዝ መፈልፈያዎችን፥ ጎተራዎችንና የጭነት መኪናዎችን ወደ ከተማይቱ ስቦአል። ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም የተቋቋመው በዚሁ ነው፤ ደረቅ ወደብም ተሠርቶላታል። ይህ ሁሉ የጽሕፈት ሥራን አብዝቶአል። በእጅ ይጻፍ የነበረው ደረሰኝ፥ የገቢና የወጪ መዝገብ፥ የግብር ማስታወቂያ ወደ ኮምፒዩተር እየገባ ነው። ጸሓፊው ቀኑን ሙሉ በእጁ የሚይዘው ዕቃ ደግሞ ማውሱ ነው።

የመሣሪያው አመጣጥ

ማውስን ያሰበው አሜሪካዊው መሐንዲስ ዳግላስ ኤንግልባርት ሲሆን፥ ባልደረባው ቢል ኢንግሊሽ የመጀመሪያውን ናሙና በ1964 ዓ. ም. (እንደ አውሮጳ አቈጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት ሁሉ እንዲሁ ናቸው) ሠራው። ናሙናው ከእንጨት የተቀረጸ፥ አንድ ቁልፍ ብቻ ያለው ሣጥን ነበረ። በታኅሣሥ ወር 1968 ዓ. ም. በሳን ፍራንሲስኮ ለጉባኤ ሲታይ ሦስት ቁልፎች ነበሩት። በ1978 ዓ. ም. ስቱዋርት ካርድ፥ ቢል ኢንግሊሽና ቤቲ በር የተባሉ ተመራማሪዎች ማውስን ከሌሎች መጠቆሚያዎች ጋር አወዳድረው በፍጥነት የሚበልጠው እርሱ መሆኑን በጽሑፍ አቀረቡ። አፕል ኩባንያ በ1984 ዓ. ም. ማኪንቶሽን ሲያወጣ ግን ተጠቃሚው እንዳይደናገር ብሎ ማውሱን ወደ አንድ ቁልፍ መለሰው።

እንግዲህ የቁልፍ ብዛት ክርክር አዲስ አይደለም። አንዱ ወገን «ቁልፍ ሲበዛ ሥራ ይፈጥናል» ሲል፥ ሌላው «ቁልፍ ሲበዛ ስሕተት ይበዛል» ይላል። ከዚህ በታች እንደምናየው ሁለቱም እውነት አላቸው፤ የሚለያያቸው ሥራው ነው።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

ለምሳሌ በ2018 ዓ. ም. የወጣውን የሎጂቴክ ጂ 502 ሂሮ እንውሰድ። ይህ ዕቃ ልዩ ልዩ ትእዛዝ ሊሰጣቸው የሚችል 11 ቁልፎች አሉት። ክብደቱ 121 ግራም ሲሆን፥ ባለቤቱ ቢፈልግ እያንዳንዳቸው 3.6 ግራም የሚመዝኑ 5 ትንንሽ ብረቶች ይጨምርበታል። የሽቦው ርዝመት 2.1 ሜትር ነው። ከዚህም የበዙ ቁልፎች ያሉዋቸው አሉ፤ የዚሁ ኩባንያ ጂ 600 20 ቁልፎች ሲኖሩት፥ ከእነዚህ 12ቱ በአውራ ጣት የሚነኩ ናቸው።

ሻጮች አብዝተው የሚጠሩት ቁጥር ግን ዲፒአይ የሚባለው ነው። ማውሱ በሆዱ በኩል ባለችው ትንሽ ዓይን የጠረጴዛውን ገጽ በሴኮንድ ብዙ ሺህ ጊዜ ፎቶግራፍ ያነሣል፤ ሥዕሎቹንም እርስ በርሳቸው እያስተያየ ምን ያህል እንደ ተንቀሳቀሰ ያሰላል። ዲፒአይ ማለት አንድ ኢንች፥ ይኸውም 2.54 ሳንቲሜትር፥ ሲገፋ ስንት ነጥብ እንደሚቈጥር የሚያመለክት ነው። ከላይ የጠቀስነው ማውስ እስከ 25,600 ይቈጥራል። ቁጥሩ ታላቅ ይመስላል። ሆኖም ብዙ ጊዜ በጽሕፈት ቤት የምናየው መስታወት ወርዱ 1,920 ነጥብ ነው። በ25,600 ዲፒአይ አንድ ኢንች ብቻ ብንገፋ ጠቋሚው ከ13 መስታወት የሚበልጥ ርቀት ይሄዳል ማለት ነው፤ በዚህ ዓይነት ከመዝገቡ አንዲቱን ሣጥን መጠቈም አይቻልም። በ800 ዲፒአይ ግን 6 ሳንቲሜትር ያህል ስንገፋ ጠቋሚው መስታወቱን ከዳር እስከ ዳር ያቋርጣል፤ ይህም ለእጅ የተመቸ ልክ ነው። ስለዚህ ለጽሕፈት ቤት ከ800 እስከ 1,600 ያለው በቂ ስለሆነ፥ ነጋዴው ስለ ታላቁ ቁጥር ብሎ ገንዘብ መጨመር አይገባውም።

እንደዚሁም ተራው ማውስ ያለበትን ስፍራ ለኮምፒዩተሩ በሴኮንድ 125 ጊዜ ሲያስታውቅ፥ የጨዋታው 1,000 ጊዜ ያስታውቃል። ልዩነቱ ከአንድ ሺህ የሴኮንድ ክፍል 7ቱ ያህል ነው። በኮምፒዩተር ጨዋታ ተቀናቃኙን ለመቅደም ለሚሽቀዳደም ወጣት ይህ ዋጋ አለው፤ ደረሰኝ ለሚጽፍ ሰው ግን ከቶ አይታወቅም።

በየሥራው ሲመዘን

መጀመሪያ፥ የሒሳብ መዝገብ። የሩዝ ነጋዴ መዝገብ ወደ ታች በሺህ የሚቈጠር መስመር፥ ወደ ጎንም ብዙ ዐምድ አለው። በዚህ ሥራ ትልቁ ጥቅም የሚገኘው ከቁልፎቹ ሳይሆን ከመንኰራኵሩ ነው። የጂ 502 መንኰራኵር ከማገጃው ሲለቀቅ በአንድ ግፊት ብዙ መስመር ያልፋል፤ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲዘነብልም ዐምዶቹን ወደ ጎን ማንቀሳቀስ ይቻላል። ከአውራ ጣት ቁልፎች አንዱ «ቅዳ»፥ ሁለተኛው «ለጥፍ» የሚል ትእዛዝ ቢሰጣቸው ይበቃል። «ሰርዝ» የሚለውን ትእዛዝ ግን በአውራ ጣት ላይ ማድረግ አደጋ ነው። በመዝገቡ ውስጥ ያለው ቁጥር እኮ ገበሬው ክረምቱን ሙሉ በውሃ ውስጥ ቆሞ ያመረተው እህል ነው። ባልታሰበ ንክኪ አንድ መስመር ቢጠፋ፥ በነጋዴውና በደንበኛው መካከል ያለው መተማመን አብሮ ይጠፋል።

ሁለተኛ፥ በኢንተርኔት የሚሞላ ቅጽ። የግብርና የጉምሩክ ጉዳይ ለሚፈጽሙ ጸሓፊዎች ይህን አጥብቀን እናሳስባለን። በአውራ ጣት በኩል ያሉት ሁለት ቁልፎች ከፋብሪካ ሲወጡ አብዛኛውን ጊዜ «ወደ ኋላ» እና «ወደ ፊት» የሚል ትእዛዝ ይዘው ነው። ግማሽ ሰዓት የተደከመበት ቅጽ ሳይላክ «ወደ ኋላ» የሚለው ቁልፍ ቢነካ፥ የተሞላው ሁሉ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ለዚህ ሥራ የሚውል ባለ ብዙ ቁልፍ ማውስ አስቀድሞ እነዚህ ሁለት ቁልፎች ትእዛዛቸው ይለወጥ፤ ያለዚያ ተራው ባለ ሁለት ቁልፍ ይሻላል።

ሦስተኛ፥ የጽሕፈት አገልግሎት። ማመልከቻና ውል እየጻፉ የሚተዳደሩ ወጣቶች ገቢያቸው በገጽ ብዛት ነው። በአማርኛ አጻጻፍ አንዱን ፊደል ለማውጣት ብዙውን ጊዜ ሁለት ቁልፍ መምታት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ የጸሓፊው ሁለት እጆች ከፊደል ገበታው ባይለዩ ይመረጣል። ማውስ እዚህ ላይ ትንሽ ቢረዳ ነው። ሆኖም ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ መለወጫውን በአንድ ቁልፍ፥ «አትም» የሚለውን መስኮት መክፈቻ በሌላው ማድረግ ይቻላል። ለዚህ ጥቅም ብቻ ግን ውዱን ዕቃ መግዛት አይመከርም።

አራተኛ፥ የንድፍና የፎቶግራፍ ሥራ። የቤት ፕላን የሚነድፍ፥ የሠርግ ፎቶግራፍና ፊልም የሚያሰናዳ፥ ማስታወቂያ የሚሥል ባለሙያ ከዚህ መሣሪያ ሙሉ ጥቅም ያገኛል። እርሱ በቀን ብዙ ጊዜ ያንኑ ትእዛዝ ይደጋግማል፤ ማጕላት፥ ማሳነስ፥ መቍረጥ፥ የመጨረሻውን መሻር። ደግሞም አንዱ ቁልፍ ተጭኖ እስካለ ድረስ ጠቋሚውን ዝግ የሚያደርግ ነው። ይህ ቁልፍ በጦርነት ጨዋታ ላይ ለኢላማ የታሰበ ቢሆንም፥ ቀጭን መስመር ለሚስብ ሠዓሊም ያው አገልግሎት ይሰጣል።

አምስተኛ፥ ጨዋታ። መሣሪያው የተሠራለት ስለሆነ ብዙ ማለት አያስፈልግም። የኮምፒዩተር ጨዋታ ቤት የሚከፍት ሰው ቁልፉ በብዙ እጅ ሲጫኑት የሚጸናውን ይምረጥ እንጂ መብራቱን አይቍጠር።

ስለ ሽቦው

ብዙዎች ሽቦ አልባውን ዘመናዊ፥ ሽቦ ያለውን የቀረ አድርገው ይገምታሉ። ለአገራችን ጽሕፈት ቤት ግን ሽቦ ያለው ባትሪ መግዛትን ያስቀራል፤ ትንሿ ማስተላለፊያ ጠፋች ተብሎም ሥራ አይቆምም። ኃይሉንም ከኮምፒዩተሩ ስለሚወስድ፥ መብራት ሲጠፋ በእጅ ኮምፒዩተር የሚሠራ ሰው ቀለማዊ መብራቱን ቢያጠፋው ባትሪውን ይቈጥባል። ጉድለቱ ሽቦው ራሱ ነው፤ በጠረጴዛ ጠርዝ ይፈተጋል፥ በእህል መጋዘን አጠገብም አይጥ ያገኘዋል። «በቅሎዬ ገመዷን በጠሰች ቢለው፥ በራሷ አሳጠረች አለው» እንደ ተባለው፥ ሽቦውን የሚጐትት ጸሓፊም የሚጐዳው ራሱን ነው። በመፈልፈያ አጠገብ የሚሠሩ ደግሞ የገለባው ብናኝ በታች ያለችውን ዓይንና መንኰራኵሩን ስለሚደፍን፥ በየሳምንቱ በደረቅና በለስላሳ ጨርቅ ይጥረጉት።

ስለ እጅ ጤንነት

የጸሓፊው እጅ ከመሣሪያው ይበልጣል። ጂ 502 የአውራ ጣት ማሳረፊያው በግራ ጎኑ ስለሆነ ለቀኝ እጅ ብቻ የተሠራ ነው፤ ግራኝ የሆነ ሠራተኛ በግድ ቢይዘው ይጐዳል። ትንሽ እጅ ላለውም ሩቆቹን ቁልፎች መድረስ ያስቸግራል። የእጅ አንጓ ሳይታጠፍ ቀጥ ብሎ እንዲያርፍ፥ ክንድም በጠረጴዛው ላይ እንዲደገፍ ማድረግ፥ በየጊዜውም እጅን ማሳረፍ ይገባል። አሠሪው የሠራተኛው ጣት ደነዘዘ ወይም አንጓው ታመመ ሲባል ችላ ማለት የለበትም።

ከመግዛት በፊት

ለአንባቢዎቻችን ቀላል መመዘኛ እናቀርባለን። ጸሓፊው በአንድ ቀን ያንኑ ትእዛዝ ስንት ጊዜ እንደሚደጋግም ይቈጠር። ለምሳሌ 300 ጊዜ ቢደጋግምና በአንድ ቁልፍ መተካቱ በየጊዜው 2 ሴኮንድ ቢያተርፍ፥ በቀን 10 ደቂቃ ይሆናል፤ በ25 የሥራ ቀን ከ4 ሰዓት ይበልጣል። ይህ የሚገዛ ጊዜ ነው። ቍጥሩ 30 ከሆነ ግን ትርፉ በቀን 1 ደቂቃ ብቻ ስለሆነ፥ ገንዘቡ ለሌላ ይዋል።

በመደብሩም እያንዳንዱ ቁልፍ ይፈተሽ። አንዳንድ ርካሽ ማውሶች ቁልፋቸው ቢበዛም ትእዛዛቸው አይለወጥም። እንዲያውም አንድ ጊዜ ሲነኩት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ እንደ ተነካ የሚቈጥር የተኵስ ቁልፍ ያለባቸው አሉ፤ ይህ በሒሳብ ጠረጴዛ ላይ ከቶ አይፈለግም። እንዲሁም ትእዛዙን በራሱ ውስጥ የሚያኖር ማውስ ይመረጥ። ጂ 502 እስከ 5 ዓይነት አሰናድቶ በራሱ ማኅደር ይይዛል፤ ኢንተርኔት ባለበት ስፍራ አንድ ጊዜ ከተሰናዳ፥ ፕሮግራሙ ወዳልተጫነበት ኮምፒዩተር ቢዛወርም ያገለግላል።

ፍርዳችንን በአጭሩ እንስጥ። ለነዳፊ፥ ለፎቶግራፍ ባለሙያና ለጨዋታ ቤት ባለ ብዙ ቁልፍ ማውስ ገንዘቡን ያወጣል። ለሒሳብ ሠራተኛ መንኰራኵሩ ደኅና የሆነና ከሁለት የበለጡ የጎን ቁልፎች የሌሉት ይበቃዋል። ለጽሕፈት አገልግሎትና ለቅጽ ሞይ ተራው ማውስ ይሻላል፤ ቀሪው ገንዘብ ለደኅና የፊደል ገበታ ወይም መብራት ሲጠፋ ኮምፒዩተሩን ለሚያቆይ ባትሪ ቢውል ይበልጥ ይጠቅማል። ሩዙን በኪሎ የሚመዝን ነጋዴ፥ መሣሪያውንም በሚሠራለት ሥራ ይመዝን።