የእጅ ፓምፕ ቅርስ ነው?

ጎንደር ላይ ስለ ቅርስ ሲወራ ልብ ቶሎ ወደ ፋሲል ግቢ ይሄዳል። በማክሰኝት ዙሪያ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች በሲሚንቶ መድረክ ላይ የተተከለው የብረት የእጅ ፓምፕ ግን ከመንደሩ ግልጋሎት አልፎ በቅርስነት ሲታሰብ አይሰማም። ሊታሰብ እንደሚገባ ለመረዳት አሠራሩን ማየት ይበጃል።

በአውሮፓ አደባባዮች በቅርስነት ከተጠበቁት፣ ብረት አቅልጦ በቅርጽ በማፍሰስ ከተሠሩት አሮጌ ፓምፖች ብዙዎቹ ፒስተናቸው ከመሬት በላይ ነው። እጀታው ወደ ታች ሲጫን ፒስተኑ ይነሣና በሥሩ ያለው አየር ይሳሳል፤ ያን ጊዜ በጉድጓዱ ውሃ ላይ የተጫነው የከባቢ አየር ግፊት ውሃውን በቧንቧው ይገፋዋል። ይህ ግፊት በባሕር ጠለል ከ10 ሜትር እምብዛም አያሳልፍም። ጣሊያናዊው ቶሪቼሊ ምክንያቱን የገለጠው እ.ኤ.አ. በ1640ዎቹ፣ ዐፄ ፋሲል በጎንደር ነግሠው ሳለ ነው። ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ሲወጣ አየሩ ስለሚሳሳ ወሰኑ ወደ 8 ሜትር ይወርዳል፤ በተግባርም ከዚያ ያንሳል።

ስለዚህ ለደጋው ጥልቅ ጉድጓድ ያ ዓይነት ፓምፕ አይበቃም። መፍትሔው ፒስተኑን ከነሲሊንደሩ ውሃው ውስጥ ማውረድና በረጅም ዘንግ ከላይ ማንቀሳቀስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሕንድ ውስጥ የተቀረጸው ኢንዲያ ማርክ 2 እና በ1980ዎቹ በማላዊና በኬንያ የተዘጋጀው አፍሪዴቭ የሚሠሩት በዚህ መንገድ ነው። አፍሪዴቭ እስከ 45 ሜትር ድረስ ውሃ ያወጣል፤ ያለቀ ጎማውንም የመንደሩ ሰው ራሱ ፈቶ እንዲቀይር ታስቦ ተሠርቷል። በመሆኑም የሚጠበቀው ሀብት ብረቱ ብቻ አይደለም፤ የጠጋኙ ሙያና መዋጮ ሰብስቦ መለዋወጫ የሚገዛው የውሃ ኮሚቴ ሥርዓትም አብሮ ይታሰባል።

ሕጉም በር አይዘጋም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን በሳይንስ፣ በታሪክ፣ በባህል፣ በኪነ ጥበብና በእደ ጥበብ ዋጋው ይመዝነዋል እንጂ ቤተ መንግሥት ብቻ አይልም። ጎንደርም አርአያ አላት፦ የዐፄ ፋሲል መዋኛ በየዓመቱ ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ በሚመጣ ውሃ ይሞላል። ሕዝቡ ዛሬም ስለሚገለገልበት ጠባቂ አላጣም።

የቧንቧ ውሃ ሲገባ አሮጌው ፓምፕ ተነቅሎ በውራጅ ብረት ዋጋ ከመሸጡ በፊት፣ መቼ እንደተተከለ፣ ጉድጓዱን ማን እንደቆፈረ፣ ማን ይጠግነው እንደነበር ይመዝገብ። ውሃው ንጹሕ ከሆነ ፓምፑ በሥራ ላይ ይቆይ፤ መብራት ጠፍቶ ሞተሩ ሲቆም በክንድ ጉልበት ውሃ የሚሰጠው እሱ ነውና። ጉድጓዱ አገልግሎት ካቆመ ግን ለሕፃናትና ለከብት አደጋ እንዳይሆን አፉ በጥንቃቄ ተደፍኖ ፓምፑ በመድረኩ ላይ ይጠበቅ። ይህን ለመጀመር የወረዳው የውሃና የባህል ጽሕፈት ቤቶች ከውሃ ኮሚቴዎች ጋር መቀመጥ ይበቃቸዋል፤ ታሪኩን የሚያውቁት ቆፋሪዎችና ጠጋኞች በሕይወት ሳሉ ሊያደርጉት ይገባል።