የፕሮስቴት ካንሰር እና የምስል ምርመራ

በዛሬው የጤና ዝግጅታችን ብዙ አባቶቻችን አፍረው ስለሚደብቁት ሕመም፣ ስለ ፕሮስቴት ካንሰር እናወጋለን።

ፕሮስቴት ከሽንት ፊኛ በታች የሚገኝ፣ የሽንት መውጫ ቱቦን ዙሪያውን ያቀፈ የወንዶች ዕጢ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ዕጢው ያብጣል። ሽንት ይቆራረጣል፣ ሌሊት ደጋግሞ ያስነሳል፣ ከዉዱእ በኋላም ጠብ እያለ በሶላት ላይ ያስጨንቃል። ይህ በአብዛኛው ካንሰር ካልሆነ እብጠት የሚመጣ ነው። ካንሰሩ ግን ሲጀምር ብዙውን ጊዜ ምንም ምልክት የለውም። ስለዚህ ሁለቱን የሚለየው ምርመራ ብቻ ነው።

ስድሳ ዓመት ያለፋቸው አንድ የመሪ ነዋሪ አባት ለምርመራ ቢነሱ ምን ይጠብቃቸዋል? መጀመሪያ ሐኪሙ በፊንጢጣ በኩል ዕጢውን በጣቱ ይዳስሳል፤ ፒኤስኤ የሚባል የደም ምርመራም ያዛል። እዚህ ላይ ብዙዎች አፍረው ይመለሳሉ። ሆኖም ሕክምና ግድ ሲል ዐውራን በሚያስፈልገው መጠን ለሐኪም መግለጥ እንደሚፈቀድ ዑለሞቻችን አስተምረውናል። የፒኤስኤ ከፍ ማለት ደግሞ ብቻውን ካንሰር ነው አያሰኝም፤ ተራ እብጠትና ኢንፌክሽንም ከፍ ያደርጉታል።

ቀጥሎ የምስል ምርመራ ይመጣል። አልትራሳውንድ የዕጢውን መጠንና በፊኛ ውስጥ የቀረውን ሽንት ያሳያል፤ ናሙና የሚወሰድበትን መርፌም ይመራል። ካንሰሩን ግን ብዙ ጊዜ አጥርቶ ስለማያሳይ «በአልትራሳውንድ ምንም የለም ተብያለሁ» ብሎ መዘናጋት አይገባም።

ኤምአርአይ በማግኔት ኃይል የሚሠራ፣ ጎጂ ጨረር የሌለው መሣሪያ ነው። በዕጢው ውስጥ አጠራጣሪውን ቦታ ለይቶ ያሳያል፤ ባለሙያውም የጥርጣሬውን መጠን ከ1 እስከ 5 ይመድባል። በ2017 (እ.ኤ.አ.) በእንግሊዝ አገር በ576 ወንዶች ላይ ተደርጎ የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው፣ ኤምአርአይ አደገኛ ካንሰር ካለባቸው 100 ሰዎች 93ቱን ሲጠቁም፣ በአልትራሳውንድ ብቻ ተመርቶ የተወሰደ ናሙና ያገኘው 48ቱን ነበር። ናሙና ሲወሰድ የሚፈሰው ደም ምስሉን ስለሚያደበዝዝ ኤምአርአይ አስቀድሞ ቢነሳ ይመረጣል። ለገንዘባችንም ይበጃል። የመጨረሻውን ፍርድ የሚሰጠው ግን በማይክሮስኮፕ የታየው ናሙና ነው።

ካንሰር መሆኑ ከተረጋገጠ ሁለተኛው ጥያቄ «የት ደርሷል?» የሚል ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደረጃዎች ካንሰሩ ከዕጢው አልወጣም። በሦስተኛው የዕጢውን ሽፋን ጥሶ ይወጣል። በአራተኛው እንደ ፊኛ ያሉ ጎረቤት አካላትን ይይዛል፤ ወይም ርቆ ይሰራጫል። ሲቲ ስካን የሊምፍ ዕጢዎችንና የውስጥ አካላትን ይፈትሻል። የአጥንት ስካን ደግሞ ካንሰሩ የሚወዳቸውን የጀርባና የዳሌ አጥንቶች ያሳያል። የቆየ ስብራትና የመገጣጠሚያ ሕመምም በአጥንት ስካን ላይ ሊታዩ ስለሚችሉ ውጤቱን ሐኪም ማገናዘብ አለበት። በ2020 (እ.ኤ.አ.) የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት ፒኤስኤምኤ ፔት የተባለው አዲስ ስካን ስርጭትን በመለየት ረገድ 92 በመቶ ትክክል ሲሆን፣ ሲቲና የአጥንት ስካን ተደምረው 65 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ሕክምናው በደረጃው ስለሚወሰን ነው። በዕጢው ውስጥ የተገታ ካንሰር በቀዶ ሕክምና ወይም በጨረር ሊድን ይችላል፤ ቀስ ብሎ የሚያድገው እየተከታተሉ ብቻ ሊቆይ ይችላል። ወደ አጥንት የተሰራጨው ግን በሆርሞን ሕክምናና በመድኃኒት ይገታል እንጂ ብዙ ጊዜ ፈጽሞ አይጠፋም። በአገራችን ለረጅም ዓመታት ብቸኛው የጨረር ሕክምና ማዕከል የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነበር። ወደዚያ ከሚሄዱት ብዙዎቹ የሚደርሱት ሕመሙ ከተሰራጨ በኋላ መሆኑ ያሳዝናል።

ስለዚህ አባቶቻችን፣ ሃምሳ ዓመት ከሞላችሁ፣ አባቱ ወይም ወንድሙ በዚህ ሕመም የተያዘም ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በሰፈራችሁ ጤና ጣቢያ ሐኪም አማክሩ። የምስሉን ፊልምና የውጤቱን ወረቀት አትጣሉ። የታወቀ ሕመምተኛ እግሩ ከደከመ ወይም ጀርባው ክፉኛ ካመመው ዕለቱኑ ሆስፒታል ይሂድ፤ የተያዘ አከርካሪ ነርቭን ተጭኖ ሽባ ሊያደርግ ይችላል። ልጆችም አባቶቻችሁን አብራችሁ ውሰዷቸው፤ ብቻቸውን ሲሆኑ ያፍራሉና።

አላህ ለሕሙማኖቻችን ዓፊያውን ይለግስልን። ወሰላሙ ዐለይኩም።