ካሜራውን ማን ያዘው? የ«ተገኘ ቀረጻ» ሳይንሳዊ አስፈሪ ፊልሞች ከ1989 ወዲህ

የልደት በዓል ነው። አምስት ዓመት የሞላት ልጅ ሻማዋን እፍ ልትል ቤተሰቡ ጠረጴዛውን ከቧል። ከወንድማማቾቹ አንዱ የቪዲዮ ካሜራውን አላስቀምጥም ብሏል። ሁሉም በአንድ ላይ ያወራሉ፣ ይሳሳቃሉ፤ ማን ምን እንዳለ ለመለየት ያስቸግራል። ድንገት መብራት ይጠፋል። ወንዶቹ ምን እንደተፈጠረ ሊያዩ ወደ ጨለማው ይወጣሉ፤ ካሜራውም አብሮ ይወጣል። ከዛፎቹ ወዲያ ብርሃን አለ። ጠጋ ሲሉ መሬት ላይ ያረፈ ነገር፣ አጠገቡም የሚንቀሳቀሱ ትናንሽ ፍጡራን ያያሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ሩጫ፣ ትንፋሽና ጩኸት ነው።

ፊልሙ «ዩፎ አብዳክሽን» ይባላል፤ ብዙ ሰው የሚያውቀው ግን «የማክፈርሰን ካሴት» በሚለው ስሙ ነው። ዲን አሊዮቶ የተባለ አሜሪካዊ በ1989 የሠራው በ6,500 ዶላር ነው (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። በእኛ ሰፈር የሠርግ ካሴት እያየ ያደገ ሰው የዚህን ፊልም መልክ ወዲያው ያውቀዋል፤ ቀኑ በማዕዘን የተጻፈበት፣ ቀራጩ ሙሽሮቹን ላሳይ ሲል የድንኳኑን ጣሪያ የሚያሳይበት፣ ድምፁ በእልልታ የሚሰነጠቅበት ዓይነት ምስል ነው። እንዲህ ያለውን ካሴት ማንም ልብወለድ ነው ብሎ አይጠረጥረውም። ዘመድ ነው ያለበት። አሊዮቶ ይህን እምነት ነው በነጻ ያገኘው፤ በሚሊዮን ዶላር የተሠራ መንኮራኩር ሊያመጣለት የማይችለውን።

የካሴቱ ዕጣም ከታሪኩ አያንስም። ሊያከፋፍለው የነበረው ድርጅት መጋዘን ተቃጠለ፤ ዋናው ቅጂም አብሮ ነደደ። ቀድመው የወጡ ጥቂት ቅጂዎች ግን ከእጅ ወደ እጅ እየተባዙ በራሪ ሳህኖችን በሚከታተሉ ሰዎች ዘንድ ደረሱ፤ እዚያም እንደ እውነተኛ ማስረጃ ታዩ። አሊዮቶ «የሠራሁት እኔ ነኝ» ካለ በኋላ እንኳ ያላመኑት ነበሩ። የቪኤችኤስ ካሴት ከቅጂ ላይ ሲቀዳ ምስሉ ይደበዝዛል። በደበዘዘ ቁጥር ደግሞ የፍጡራኑ ልብስ ስፌት ይጠፋል፣ ጭንብሉ ቆዳ ይመስላል። የምስሉ መበላሸት ፊልሙን ከጊዜ ወደ ጊዜ እያሻሻለው ሄደ ማለት ነው። አሊዮቶ በ1998 ለዩፒኤን ቴሌቪዥን በተሻለ ገንዘብ ደግሞ ሠራው፤ የባለሙያ ቃለ ምልልስ ጨመረበት፣ ፍጡራኑንም አጠራ። እኔ ሁለቱን አይቼ ዛሬም ጨለማ ውስጥ የሚመጣብኝ የመጀመሪያው ነው።

«የተገኘ ቀረጻ» የሚባለው የፊልም ዓይነት ውሉ ቀላል ነው። ይህን የቀረጹት ሰዎች የሉም፣ ካሴቱ ግን ተገኝቷል፣ እነሆ። ታዲያ ተመልካቹ ወዲያው ሁለት ጥያቄ ያነሳል። ነፍሱን ማዳን ሲገባው ለምን መቅረጹን አላቆመም? ካሴቱስ እንዴት እኛ ዘንድ ደረሰ? ባለፉት ሠላሳ ምናምን ዓመታት የወጡትን እነዚህን ፊልሞች ስመዝን ከፍጡሩ አሠራር ይልቅ የማየው ለእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች የሰጡትን መልስ ነው።

ዓይነቱን በዓለም ያስተዋወቀው ሳይንስ የሌለበት ፊልም ነው። «የብሌር ጠንቋይ» በ1997 በሜሪላንድ ጫካ በስምንት ቀን ተቀረጸ። ተዋንያኑ ካሜራውን ራሳቸው ያዙ፤ ምግባቸው በየቀኑ እየተቀነሰ፣ የዕለቱ መመሪያ በየቦታው እየተተወላቸው ሄዱ። በ1999 ሲወጣ በዓለም ዙሪያ ወደ 248 ሚሊዮን ዶላር አስገባ። ቀጥሎ ኦረን ፔሊ በገዛ ቤቱ፣ በ15,000 ዶላር «ፓራኖርማል አክቲቪቲ»ን ሠርቶ ከ190 ሚሊዮን በላይ አስገኘ። አምራቾች ቁጥሩን አዩ፤ ካሜራ የያዘ ወጣት ሁሉ ጫካ ገባ።

የመንፈስ ፊልም ግን ለመጀመሪያው ጥያቄ ያለው መልስ ሁልጊዜ ቀጭን ነው። መንፈስ ሲያባርረው ካሜራ የሚያነሳ ሰው ሰበብ መፈለግ አለበት። የሳይንስ ታሪክ ይህን ሰበብ በተፈጥሮው ይዞት ይመጣል፤ መመዝገብ ሥራ ነውና። ተመራማሪ ቢፈራም ይመዘግባል። ሰዓቱን ይጽፋል፣ መለኪያውን ያነባል፤ እሱ ባይመለስ እንኳ ሌላው እንዲያውቅ። የሳይንሱ ዘርፍ ከመንፈሱ የተሻለ ዕድል እንዳለው የማምነው ለዚህ ነው፤ ብዙዎቹ ግን ዕድሉን አልተጠቀሙበትም።

በ2008 የወጣው «ክሎቨርፊልድ» 25 ሚሊዮን ዶላር ወጣበት፤ የዝቅተኛ በጀት ሊባል አይችልም። ኒውዮርክን የሚያፈርስ አውሬ አለው፤ ካሜራው ከመወዛወዙ የተነሳ አንዳንድ ሲኒማ ቤቶች ተመልካቹ ሊያቅለሸልሸው ይችላል የሚል ማስጠንቀቂያ ለጥፈው ነበር። ለእኔ የፊልሙ ትልቁ ሐሳብ ሳንቲም ያልወጣበት ነው። የጥፋቱ ሌሊት የተቀረጸው ቀድሞ ሌላ ነገር በነበረበት ካሴት ላይ ነው። ካሜራው በቆመ ቁጥር ከሥር ያለው የድሮ ቀረጻ ብቅ ይላል፤ ሁለት ፍቅረኞች በኮኒ አይላንድ ያሳለፉት አንድ ደስ የሚል ቀን። ከተማዋ ስትነድ ያ ቀን በየመሀሉ ይመጣል። በላዩ የተቀዳበት የቤተሰብ ካሴት ያለው ሰው ይህ እንዴት እንደሚያም ያውቃል።

ቀጣዩ ዓመት ሁለት ፊልሞችን አመጣ፤ አንዱ ያሳዘነኝ፣ አንዱ ያከበርኩት።

ያሳዘነኝ «ዘ ፎርዝ ካይንድ» ነው። በአላስካ ኖም በምትባል ከ4,000 ያነሰ ሕዝብ ባላት ከተማ ሰዎችን ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጡራን እንደሚወስዷቸው ይተርካል። ሚላ ጆቮቪች ገና ከመክፈቻው ወደ እኛ ዞራ ታሪኩ እውነት እንደሆነ ትነግረናለች፤ ከዚያ በአንድ ወገን የእሷ ትወና፣ በሌላው ወገን «እውነተኛው» ቀረጻ ጎን ለጎን ይታያል። ሁለቱም ትወና ናቸው። እስከዚህ የፊልም ጨዋታ ነው እንበል። ግን በኖም አካባቢ በእውነት የጠፉና የሞቱ ሰዎች ነበሩ፤ ብዙዎቹ ከአላስካ ነባር ሕዝቦች ወገን። የአሜሪካ ፌዴራል ምርመራ ቢሮ ሃያ አራት ጉዳዮችን መርምሮ ምክንያቱ በአብዛኛው መጠጥና ብርድ መሆኑን ገልጿል። እናትና አባት የሚያለቅሱለት ሰው ስም በፍጡር ተረት ተሸፈነ። ፊልሙን ለማስተዋወቅ ደግሞ በአላስካ ጋዜጦች ስም የሐሰት ዜናዎች ኢንተርኔት ላይ ተለቀቁ። ጋዜጦቹ ከሰው የፊልሙ ባለቤት ስቱዲዮ ዩኒቨርሳል ዜናዎቹን አነሳ፤ ለአላስካ የፕሬስ ክበብም 20,000 ዶላር ከፈለ። የማክፈርሰን ካሴት ሰው ያሳሳተው አሊዮቶ ሳያስበው ነው፤ ይህኛው ግን በዕቅድ፣ በሐዘንተኞች ላይ አሳሳተ። ልዩነቱ ለእኔ ትልቅ ነው።

ያከበርኩት «ዲስትሪክት 9» ነው፤ ከሌላ ዓለም መጥተው ጆሃንስበርግ ውስጥ እንደ ስደተኛ ስለሚታዩ ፍጡራን ይተርካል። 30 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቷል፤ በዜናና በሰነድ ቀረጻ መልክ የሚሄደውም ከፊሉ ብቻ ነው። ዘሩ ግን «አላይቭ ኢን ጆበርግ» የሚል ከስድስት ደቂቃ ብዙም የማይበልጥ ርካሽ አጭር ፊልም ነው። ኒል ብሎምካምፕ ለዚያ ሥራ የጆሃንስበርግ ነዋሪዎችን መንገድ ላይ አነጋገረ። ሰዎቹ ስለ ፍጡራን የሚናገሩ ይመስላል፤ በእውነት የተጠየቁት ግን ከዚምባብዌና ከናይጄሪያ ስለመጡ ስደተኞች ነበር። መልሳቸው ሳይቀየር ስለ ባዕድ ፍጡር የተነገረ ሆኖ ተቀመጠ። በዚህ ዓይነት ፊልም ውስጥ ከዚህ የሚያስፈራ ቀረጻ አላውቅም፤ ምክንያቱም አልተተወነም። ረጅሙ ፊልም በሶዌቶ ቺያዌሎ ሠፈር በተቀረጸበት በዚያው በ2008፣ ግንቦት ላይ፣ በውጭ አገር ሰዎች ላይ በተነሳ ጥቃት ከስልሳ በላይ ሰዎች ተገድለዋል። ጆሃንስበርግ ጄፔ መንገድ አካባቢ ሱቅ የከፈቱ ወገኖች ያሉን፣ ሱቃቸው የተዘረፈባቸውን፣ በየታውንሺፑ ሕይወታቸውን ያጡትን የምናውቅ ሰዎች ይህን ፊልም እንደ ሌላው ተመልካች ልናየው አንችልም። እኔ «ወደ መጡበት ይሂዱ» የሚለውን ድምፅ ስሰማ ስለ ፍጡሮቹ አላሰብኩም። ናይጄሪያውያን ግን ፊልሙ እኛን በወንጀለኛነት ሣለን ብለው ተቆጡ፤ ቁጣቸው ተገቢ ነበር። ስደተኛን ሊከላከል የተነሳ ፊልም በሌላ ስደተኛ ስም ላይ ጭቃ መለጠፉ ዛሬም ይከነክነኛል።

«አፖሎ 18» በ2011 ሲወጣ ብዙ ጠብቄ ነበር። ናሳ የሰረዘውን ጉዞ በምስጢር እንደተካሄደ አድርጎ፣ በ1974 ሁለት ጠፈርተኞችን ጨረቃ ላይ ያሳርፋል። የድሮ ፊልም መልኩ፣ ጭረቱ፣ የራዲዮ ድምፁ በጥንቃቄ የተሠራ ነው፤ 5 ሚሊዮን ዶላር ብቻ ለወጣበት ሥራ ያስመሰግናል። ግን ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ይወድቃል። ጠፈርተኞቹ ካልተመለሱ ጨረቃ ላይ የቀረው ፊልም ማን አመጣው? ከሲኒማ ቤት ስወጣ ያሰብኩት ፊልሙ ስለሚያስፈራራባቸው ሸረሪት መሳይ የጨረቃ ድንጋዮች ሳይሆን ስለዚህ ነበር። ውሉ ከፈረሰ ፍርሃቱም አብሮ ይፈርሳል።

በ2012 ደግሞ ባሪ ሌቪንሰን፣ በ«ሬይን ማን» ኦስካር የወሰደው ሰው፣ በ2 ሚሊዮን ዶላር «ዘ ቤይ»ን ሠራ። መነሻው ስለ ቼሳፒክ የባሕር ወሽመጥ መበከል ዘጋቢ ፊልም ሥራልን መባሉ ነው። ጉዳዩን ሲያጠና የቀረበው መረጃ አስደነገጠው፤ ዘጋቢ ፊልም ብሠራው ማንም አይነቃነቅም ብሎ ወደ አስፈሪ ፊልም ለወጠው። የዶሮ እርባታ ኩስ ወደ ውኃው ይገባል፤ በውኃው ያለ ተባይ ከመጠን በላይ ያድጋል፤ በአንዲት ትንሽ ከተማ የነጻነት ቀን እየተከበረ ሳለ ሰዎች ይወድቃሉ። ተባዩ በተፈጥሮ ያለ ነው፤ የዓሣን ምላስ ደም መጥጦ ያደርቅና ራሱ በምላሱ ቦታ ይቀመጣል። ፊልሙ ያጋነነው መጠኑን ነው። ካሜራው አንድ ሰው እጅ ላይ አይደለም፤ የፖሊስ መኪና፣ ስልክ፣ ሆስፒታል ውስጥ የሚቀርጽ ሐኪም፣ አንዲት ጀማሪ ጋዜጠኛ። መንግሥት የሰበሰበው ቀረጻ ሾልኮ ወጣ ስለሚል ሁለተኛው ጥያቄም መልስ አለው። ባዶ በሆነው ሆስፒታል ለጤና ባለሥልጣናት መልእክት ሲቀርጽ የምናየው ሐኪም ለታይታ የሚቀርጽ አይደለም፤ ሥራውን የሚጨርስ ነው።

ከዚያ ወዲያ ጥቂት ዓመታት ደከሙ። የፔሊ «ኤሪያ 51» ከተቀረጸ ከዓመታት በኋላ በ2015 ብቅ ብሎ ጠፋ። በ1997 አሪዞና ሰማይ ላይ የታየውን ብርሃን የሚያነሳው «ፊኒክስ ፎርጎተን»ም በ2017 ብዙ አሻራ ሳይተው አለፈ።

ትንሣኤው የመጣው ከስቱዲዮ ውጭ ነው። በጥር 2022 ኬን ፓርሰንስ የተባለ የ16 ዓመት ልጅ ብሌንደር በሚባል ነጻ ሶፍትዌር የሠራውን የዘጠኝ ደቂቃ ቪዲዮ ዩቲዩብ ላይ ጫነ። ቢጫ ግድግዳ፣ ምንጣፍ፣ ጥዝ የሚል የፍሎረሰንት አምፖል፣ ማለቂያ የሌላቸው ባዶ ክፍሎች፤ «ዘ ባክሩምስ» ይባላል። በተከታዮቹ ክፍሎች አንድ የምርምር ተቋም እነዚህን ክፍሎች በካሜራ ሲያስስ እናያለን። ልጁ የመረጠው መልክ የ1990ዎቹ ቪኤችኤስ ነው፤ እሱ ከመወለዱ በፊት የነበረ መልክ። የአሊዮቶ ካሴት ድብዝዝነት በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ከጉድለት ወደ ቋንቋ ተለወጠ። በዚያው ዓመት ለፌስቲቫል የቀረበው «ዘ አውትዋተርስ» 15,000 ዶላር ነው የፈጀው። ሮቢ ባንፊች ጻፈው፣ አዘጋጀው፣ ተወነበት፣ ቀረጸው። በሞሃቬ በረሃ ከጠፉ ወጣቶች የተገኙ ሦስት ሜሞሪ ካርዶች ናቸው ይለናል። ሌሊት ላይ የምናየው በጥቁር ስክሪን ውስጥ የምትዞር አንዲት የባትሪ ብርሃን ብቻ ነው፤ የቀረውን ጆሮ ይሠራዋል። ረዝሟል፣ ግን ድፍረቱን እወደዋለሁ።

በጊዜው ሳላነሳው ያለፍኩት አንድ ፊልም አለ። የኢኳዶሩ ሰባስቲያን ኮርዴሮ በ2013 ከ10 ሚሊዮን በታች በሆነ ገንዘብ የሠራው «ዩሮፓ ሪፖርት» ነው። ስድስት ሰዎች በረዶ ወደለበሰችው የጁፒተር ጨረቃ ወደ ዩሮፓ ይጓዛሉ። ከናሳ ጄት ፕሮፐልሽን ላብራቶሪ ተመራማሪዎች አማክረውበታል። ማንም ካሜራ ይዞ አይሮጥም፤ ካሜራዎቹ በመርከቡ ግድግዳ ተተክለዋል፣ መርከቡ ራሱ ይመዘግባል። የ«ዲስትሪክት 9» ዋና ተዋናይ ሻርልቶ ኮፕሊ የሚጫወተው መሐንዲስ ልብሱን መርዛም ነዳጅ ስለነካው ወደ መርከቡ ከገባ ሁሉንም እንደሚያጠፋ ያውቃል፤ ጓዱን ወደ በሩ ገፍቶ እሱ ወደ ጨለማው ይንሳፈፋል። በመጨረሻ መርከቡ በበረዶው እየሰመጠ ሳለ አብራሪዋ ሮዛ በሩን ትከፍታለች። ውኃው ይገባል፤ ከሥር ያለው ብርሃንም ይከተለዋል። የከፈተችው ልታመልጥ አይደለም፤ ካሜራው እንዲያየው፣ ምስሉም ምድር እንዲደርስ ነው። ለምን መቅረጹን አላቆመም ለሚለው ጥያቄ በሠላሳ ዓመት የሰማሁት ምርጡ መልስ ይህ ነው።

ፊልሙ በወጣበት ዓመት መጨረሻ ሳይንቲስቶች በሃብል ቴሌስኮፕ ከዩሮፓ የሚወጣ የውኃ እንፋሎት ምልክት ማየታቸውን አስታወቁ። «ዩሮፓ ክሊፐር» የተባለችው የናሳ መንኮራኩር ጥቅምት 14 ቀን 2024 ከፍሎሪዳ ተነስታለች። ሰው አልተሳፈረባትም፤ ካሜራ ግን ይዛለች። በ2030 ጁፒተር ትደርስና በዩሮፓ አጠገብ ወደ ሃምሳ ጊዜ እያለፈች ፎቶ ትልካለች።