ግድግዳ፣ ወንፊት ወይስ ኬላ? በደምና በአንጎል መካከል ስላለው ክልል ስያሜ

ደምን ከአንጎል ለሚለየው የሰውነት ክልል የአማርኛ ስያሜ ሲፈለግ ቀድሞ የሚታሰበው «ግድግዳ» ነው። ፓውል ኤርሊኽ እ.ኤ.አ. በ1885 ያሳተመውን ብቻ ለተመለከተ ቃሉ ያስኬዳል፤ በእንስሳት ደም ውስጥ የገባው ቀለም ሌላውን አካል ሲያቀልም አንጎልን ሳይነካ ቀርቷልና።

በቤተ ሙከራ የሚሠራው አምሳያ ግን ነገሩ ከዚህ የረቀቀ መሆኑን ያሳያል። የአንጎልን ደም ሥር በውስጥ በኩል የሚያለብሱት ሕዋሳት ረቂቅ ቀዳዳዎች ባሉት ስስ ሽፋን ላይ ተዘርተው ይረባሉ። ከሽፋኑ በላይ ያለው ፈሳሽ በደም፣ በታች ያለው በአንጎል ይመሰላል። የሕዋሳቱ መጋጠም የሚታወቀው የኤሌክትሪክ ፍሰትን ምን ያህል እንደሚያግዱ በመለካት ነው። ይሁን እንጂ ልኬቱ ብቻውን አይበቃም፤ ሕዋሳቱ ግሉኮስን የሚያሳልፉ፣ ብዙ መድኃኒቶችንም ወደ ደም የሚመልሱ ፕሮቲኖች እንዳሏቸው መፈተን አለበት። ስያሜው «ግድግዳ» ከሆነ አንባቢ አምሳያውን በጥብቀቱ ብቻ ይመዝናል።

«ወንፊት»ም አይሆንም፤ ወንፊት የሚለየው በመጠን ነው። የዶፓሚን የሞለኪውል ክብደት 153፣ የሌቮዶፓ 197 ነው፤ ሆኖም ወደ አንጎል የሚያልፈው ትልቁ ሌቮዶፓ ነው፤ የአሚኖ አሲዶች አሳላፊ ስለሚቀበለው። ለፓርኪንሰን ሕሙማን ዶፓሚን ሳይሆን ሌቮዶፓ የሚሰጠውም ስለዚህ ነው።

መንገደኛን መርምሮ የሚያሳልፍና የሚመልስ «ኬላ» ይባላል። ቃሉ ቀረጥን ቢያስታውስም «የደምና የአንጎል ኬላ» ከሁለቱ ይሻላል። «የሕዋስ ባህል» የሚለው የቃል በቃል ትርጉም ደግሞ ፈጽሞ ሊቀር ይገባል፤ «የሕዋስ እርባታ» በቂ ነው።